የጉሮሮ ድርሻ

ማይክራፎኑ ደግሞ ሲያፏጭ፣ ከድንኳኑ ዳር አጎዛ ላይ የተቀመጡት ሦስት አሮጊቶች እኩል ጆሯቸውን ያዙ።

«ኧረ ይኸን ነገር አንድ በሉት!» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ሙሉዬ። «ሟቿን ልትቀሰቅሱ ነው ወይ?»

ባለ ድምፅ ማጉያው ሽቦውን ነካካና ፉጨቱ ጠፋ። ከድንኳኑ መሃል የቆመችው ወጣት አልቃሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ ሙሾዋን ቀጠለች፦

«መቶ ላም አሳልባ፣ ሺህ እንግዳ አብልታ፣
ዛሬ አፈር ለበሰች የሀገሩ አለኝታ።»

ለቀስተኛው ተቀበለ፤ ደረት ግን አልተመታም። ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር ተያዩ። ከአሸተን ተራራ ግርጌ እስከ ገበያው ድረስ እትዬ ጥሩነሽን የማያውቅ ሰው የለም። ከብታቸው አንዲት ፍየል ብቻ መሆኗን፣ እሷም ሰው ባየች ቁጥር ቀንዷን አሹላ እንደምትነሣ የማያውቅም የለም።

«የማንን ላም ነው የምታልብ?» አሉ እትዬ ሙሉዬ፣ ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው።

አንዲት ሴት ሳቋን በሳል ለወጠችው። ሰፌድ ይዛ ንፍሮ የምታዘግነው ሰርካለም ግን አልሳቀችም። ሰርካለም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእትዬ ጥሩነሽ ኋላ ኋላ እየሄደች፣ ከላሊበላ እስከ ሙጃ ባለው አገር ሙሾ ስታወርድ የኖረች ሴት ናት። በዚያ ሰፈር ደንብ አልቃሽ ስትሞት የምታለቅስላት ተማሪዋ ናት። ስለዚህ ትናንት በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ መሃሉን ለቀቀላት። ገባች፤ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች፤ ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተሰነጠቀና ቀረ። ሰው «ሐዘኑ ነው፣ ምን ታድርግ» ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት።

ሐዘኑማ አለ። ግን ድምጿ መሄድ የጀመረው ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ነው። ሙጃ ላይ በአንድ ለቅሶ መሃል እንዲሁ ሲሰነጠቅባት፣ እትዬ ጥሩነሽ ሰው ሳይነቃ ስንኙን ከአፏ ተቀብለው ጨርሰውላት ነበር። ሲመለሱ አቀበቱ ላይ አረፍ ሲሉ እትዬ ጥሩነሽ «ለማንም አትንገሪ» አሏት። «እኔ እስካለሁ ድረስ ለሁለታችን አንድ ጉሮሮ ይበቃናል።» ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ሁሉ እሷ ትጀምራለች፣ እሳቸው ይጨርሳሉ፤ አዳማጩ አዲስ የአለቃቀስ ስልት ያመጡ መስሎት አደነቃቸው። አሁን የሚጨርስላት ሰው አፈር ለብሷል፤ ምሥጢሩንም የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ከድንኳኑ ጥግ ሹክሹክታው ቀጥሏል።

«ምነው ሰርካለም ዝም አለች?»

«እንደ እናቷም አይደሉ እንዴ። በእናት ማን ሙሾ ያወርዳል?»

«ልጃቸውስ ይኸን ሁሉ ኮተት ከወልዲያ ምን አስመጣው? አንድ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ነው አሉ።»

«ላልቃሽ? ለእትየ ጥሩነሽ ለቅሶ?» አለ ከሙጃ የመጣ ገበሬ፣ ስኒውን መሬት ላይ እያስቀመጠ። «እኔ እናቴ የሞተች ጊዜ ከተዝካሩ በኋላ ለሙሾዋቸው ዋጋ ሙክት እየነዳሁ ብመጣ፣ ‹ልጆችህ ምን ሊበሉ ነው› ብለው ተቆጡኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ትቼው ብሄድ፣ ራሳቸው እየነዱ ግማሽ መንገድ ድረስ አምጥተው አስረከቡኝ። በጉ ደግሞ አልሄድም እያለ... ሁለታችንም ስንጎትተው ስንስቅ።» ሊስቅ ጀመረና እንባው ቀደመው።

በእውቀቱ የሟቿ አንድያ ልጅ ነው። ራቅ ባለ ከተማ በንግድ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች ጥበቃ ባለሙያ ነው። የባለሱቆችን ሚዛን ይፈትሻል፣ ዋጋ ያልለጠፈውን ይቀጣል፣ «ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቅ አትውጡ» እያለ በየስብሰባው ያስተምራል። ቀልጣፋ ነው፤ ማንም አያሞኘውም ይባላል። መርዶው የደረሰው ለታ ግን እንዳለው የሚባል ደላላ ስልክ ደወለለትና «ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ አልቃሿም በእኔ፤ አንተ እንባህን ብቻ ይዘህ ና» አለው። በእውቀቱም እሺ አለ።

ቀትር ላይ ሰርካለምን ከጓሮ አገኛትና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ስንት ነው እንኳ አላልሁትም እኮ፣ እትየ ሰርካለም። እኔ! ግማሹን እዚያው በስልክ ላክሁለት። በዚያች ሰዓት ሰማዩን ልሽጥልህ ቢለኝም እገዛው ነበር። ለእማ ሲሆን ዋጋ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።»

«ነውር አይደለም፤ ሐዘን ነው» አለችው። «እናትህ ይኸን ካንተ በፊት ያውቁት ነበር።»

እውነቷን ነው። እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው ሲሞት ገና ልጅ እግር ነበሩ፤ በእውቀቱም ጡት አልጣለም። የዚያን ጊዜዋ አልቃሽ ከሬሳው ራስጌ ቆማ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለችና ዋጋዋን ጠራች። እሳቸው በእንባ መካከል ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቅሶው ሲያበቃ የእርሻው በሬ ከደጃፍ ተፈቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት መሬታቸውን በልመና በሬ እንዳሳረሱ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «ያን ለታ ነፍስሽን ስጪኝ ብትለኝም እሰጥ ነበር» ይሉ ነበር ነገሩን ሲያነሡት። «ያዘነ ሰው እጁ ክፍት ነው። ክፍት እጅ አይቶ የሚዘግን ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።»

ራሳቸው ሙሾ ማውረድ ሲጀምሩ ሕግ አወጡ። ከሬሳ ፊትም ሆነ ከለቅሶ ድንኳን ውስጥ ዋጋ አይጠራም። የሚጠራው ከተዝካሩ በኋላ ነው፤ የሚጠራውም ቤተሰቡ ነው፣ እንባው ደርቆ፣ ጓዳውን አይቶ፣ ከዘመድ ተማክሮ። የጊዜው አልቃሾች መጀመሪያ ሳቁባቸው። ኋላ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲሄድ ጊዜ፣ በውድም ይሁን በግድ፣ ሕጉን ያዙ። ሳይከፍል የቀረ ቤት አልነበረም ቢባል ውሸት ነው፤ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ የዚያን ቤት ስም አንሥተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ደላላው እንዳለው ራሱ ሰርካለምን ፈልጎ መጣ። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ረዥም ሰው ነው።

«አንችን እኮ ነው የምፈልግ፣ እቴ» አላት። «ያመጣኋት ልጅ ድምጿ ጥሩ ነው፤ ግን አገሩን አታውቅም። አንች አገሩን ታውቂያለሽ። ለአንድ ዓመት ከእኔ ጋር ተዋዋይ። ቅድሚያ ክፍያ አለ። ዋጋውን ከቤተሰቡ ጋር እኔ እጨርሳለሁ፤ የአንች ሥራ ማልቀስ ብቻ ነው።»

«ዋጋውን መቸ ነው የምትጨርስ?»

«በትኩሱ ነዋ! ከቀዘቀዘማ ማን ይከፍላል?»

«የጉሮሮውስ?»

ደላላው ነገሩን ሰምቶ ነበርና ወደ ሦስቱ አሮጊቶች ዞሮ አየ። «እሱን ተይው። እኔ ዘንድ ለሠራ እንጅ ለተቀመጠ የሚከፈል የለም። ነገ ሰልስቱ ሲያበቃ መልስሽን ንገሪኝ።» ሊሄድ ሲል፣ የልቧን ያወቀ ይመስል፣ አንድ ነገር ጨመረ። «ማይክራፎን ደግ ነገር ነው፤ ሹክ ብትይበትም ተራራ ያሻግርልሻል።»

«የጉሮሮ» የሚባለው እትዬ ሙሉዬ ድምፃቸው የጠፋ ጊዜ የተጀመረ ድርሻ ነው። ስትጮህ የኖረች ሴት አንድ ቀን ጉሮሮዋ ይነጥፋል። ያኔ ማረስ አትችል፣ መነገድ አልለመደች። እትዬ ሙሉዬም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከለማኞች ጋር ተቀምጠው ታዩ። እትዬ ጥሩነሽ ወሬውን ሲሰሙ ሄደው እጃቸውን ይዘው አስነሷቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታለቅስ ሁሉ፣ ገብስም ይሁን ብር፣ ካገኘችው ላይ ድምጿ ለነጠፈባት ታካፍላለች ተባለ። እትዬ ሙሉዬ ከዚያ ወዲህ ለምነው አያውቁም፤ ኋላም ሁለት ጓደኞች ተጨመሩላቸው።

በእውቀቱ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ይሰጋ ነበር። «እማ፣ ይኸ ጡረታ አይዘልቅም» ይላቸዋል። «ተጧሪው ከከፋዩ በለጠ እኮ። ወጣት ካልገባበት የመጨረሻዋ ከፋይ ባዶ እጇን ነው የምትቀር።»

«ልጀ፣ በራሱ የሚዘልቅ ነገር አይቼ አላውቅም» አሉት አንድ ጊዜ፣ ከፍየሏ ጋር እየታገሉ። «ያዘለቁትን ሰዎች ግን አውቃለሁ።»

መልሱ ያምራል፤ ሒሳቡን ግን አልቀየረውም። የመጨረሻዋ ከፋይ ሰርካለም ናት። አልወለደችም፤ ጧሪ ቀባሪ የላትም። ላሊበላን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ከራቀ ወዲህ የሰፈሩ ወጣት ወደ ከተማ ፈልሷል፤ ሙሾ ልማር ብላ የመጣች አንዲት ልጅ የለችም። የደላላውን ገንዘብ ብትቀበል፣ በማይክራፎኑ ተደግፋ ጥቂት ዓመት ትሠራለች፣ ለእርጅናዋ የምትሆን ጥሪት ትቋጥራለች። ሦስቱ አሮጊቶች ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለልመና ይወርዳሉ። ባትቀበል ደግሞ፣ ነገ ከነገ ወዲያ፣ እሷም ተጨምራ አራት ሆነው ይሄዳሉ። ይኸን ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። እትዬ ጥሩነሽንም በልቧ ተቆጣቻቸው። እንዲህ ያለ ሸክም አሸክሞ መሞት ምን የሚሉት ነው?

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ለቀስተኛው ሳሳ። ወጣቷ አልቃሽ፣ የትናየት ትባላለች፣ ሰርካለም ሳህን ከምታጥብበት መጥታ ቆመች። ከማይክራፎኑ ስትለይ ገና ልጅ ናት፤ ጫማዋ ስላስጨነቃት በእጇ ይዛዋለች።

«ሰዎቹ ሳቁብኝ አይደል፣ እትየ?»

«ሳቁብሽ።»

«ደላላው ‹ትልቅ ሴት ናቸው› ብቻ ነው ያለኝ። ለትልቅ ሴት የምለው ያንን ነው።» ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ማን ነበሩ? ይንገሩኝ።»

ሰርካለም ሌላ ሳህን አነሣች። ልጅቷ ምን እየጠየቀቻት እንደሆነ ልጅቷ ራሷ አታውቅም። ደላላው ሰርካለምን የፈለጋት አገሩን ስለምታውቅ ነው። የምታውቀውን ለዚች ልጅ ከሰጠቻት፣ ድምፅም እውቀትም ያላት አልቃሽ ትሆናለች፤ የተሰነጠቀ ጉሮሮ ያኔ ማን ይዋዋላል? «እኔም አላውቅም» ብትላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ግን ሳህኑን ስታጥብ ድሮ የሞተ አንድ ንፉግ ሽማግሌ ትዝ አላት። ገና ጀማሪ ሳለች ነው። ሰውየው ሲሞት ቤተሰቡ «ቸርነቱን አልቅሱልን» አሉ፤ ሰርካለምም የቸርነት ስንኝ አዘጋጀች። እትዬ ጥሩነሽ ከለከሏት። «ያልሠራውን ብታለቅሽለት የሌላ ሰው ሬሳ ነው የምትሸጭላቸው» አሏት። ከዚያም ከጎረቤት ጎረቤት፣ ሟቹ እስከተጣላቸው ሰዎች ድረስ፣ ሲጠይቁ አረፈዱ። ቸር ነበር ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። አንዲት ውኃ ቀጂ ግን፣ በየክረምቱ ወንዙ የሚያፈርሰውን መሻገሪያ ድንጋይ እየሰበሰበ የሚመልሰው እሱ እንደነበረ ነገረቻቸው። ያንን አለቀሱለት። አባቱን ሲጠላ የኖረው ልጁ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እትዬ ጥሩነሽ እንዲህ ነበሩ። የሰውን እውነት ሳያገኙ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ካገኙ ደግሞ አይሰስቱም ነበር። ሰርካለም በሕይወቷ እንዲህ የወደደችው፣ እንዲህም የፈራችው ሰው የለም።

እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና ለልጅቷ በርጩማ አቀረበችላት።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «መጀመሪያ የፍየሏን ልንገርሽ።»

የፍየሏን ነገረቻት፣ የበሬውን ነገረቻት፣ የሙጃውን ሙክት፣ የንፉጉን ሽማግሌ፣ እትዬ ሙሉዬ ከለማኞች መካከል የተነሡበትን ቀን ነገረቻት። ልጅቷ አልፎ አልፎ «እና ሕጉን ያልያዘችውስ?»፣ «እና ወጣት ካልመጣስ?» እያለች ትጠይቃለች።

በሰልስቱ ማለዳ የትናየት ከድንኳኑ መሃል ቆማ ማይክራፎኑን ለባለቤቱ መለሰችለት። ባዶ ድምጿ ቀጭን ነው። ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ሰው ዝም ማለት ነበረበት፤ ዝም አለ።

«ያንዲት ፍየል ጌታ፣ እሷም ተዋጊ ናት፣
ለጎረቤት ወተት፣ ለሷ ግን ቀንድ አላት።»

አንድ አፍታ ማንም አልተቀበለም። ከዚያ ከወንዶቹ ወገን አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ እትዬ ሙሉዬም «እሷው ናት! እሷው ጥሩየ!» ብለው ጮኹ። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ ወጣ። እንግዳ ሲቀበልና ሲያስተናግድ የሰነበተው በእውቀቱ ወንበሩ ላይ እጥፍ ብሎ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

«ከሬሳ ፊት ቆማ ዋጋ የማትጠራ፣
ካዘነ ሰው ኪስ ላይ እጇን የምትፈራ።»

አሁን ደረት ተመታ። ከሙጃ የመጣው ገበሬ ራሱን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

የትናየት ትንፋሿን ልትሰበስብ ስታርፍ በእውቀቱ ዓይኑን እየጠራረገ ተነሥቶ ቀሪውን ክፍያ ዘረጋላት።

«ከተዝካሩ በኋላ፣ ጋሼ» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ያኔ ጓዳዎን አይተው የመሰለዎትን ይሰጡኛል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የደላላውን ሒሳብ ግን ከራሱ ይጠይቁ። ግማሹን አስቀድሞ በልቷል።»

ደላላው «ኧረ አንች ልጅ!» ብሎ ብድግ ሲል የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ የቅሬው ዳኛ አያ ደሳለ በዱላቸው ጫፍ ወንበሩን አሳዩት። «ቁጭ በል ወንድሜ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ሒሳብ አይነሣም። ሒሳብ ካለህ ከአርባው በኋላ እንቀመጣለን፤ ቅሬውም አብሮ ይቀመጣል።» ደላላው ዙሪያውን አየና ተቀመጠ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሰርካለም ዞረ። የተማሪዋ ተራ ነው፤ ክቡ ተከፈተላት። ደላላውም አንገቱን አስግጎ መልሷን ይጠብቃል። ሰርካለም ከቆመችበት ወደ መሃሉ ገባች፤ የትናየት አጠገብ ደረሰች፤ አለፈቻት። ከአሮጊቶቹ አጎዛ ስትደርስ ቆመች። ልጅቷ እዚህ ትቆይ፣ ወደ ወልዲያ ትመለስ፣ ለጉሮሮው ትክፈል አትክፈል የምታውቀው ነገር የለም፤ አልጠየቀቻትምም። እትዬ ሙሉዬ ቀና ብለው አዩዋት። ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉላት።

ሰርካለም አራተኛ ሆና ተቀመጠች። የትናየት ቀጠለች፦

«ድምፅ ለነጠፈባት፣ ጉሮሮ ለዘጋት፣
ከቁራሿ ቆርሳ ብይልኝ የምትላት።»

ሌላውን ስታስለቅስ የኖረችው ሴት እጇን አንሥታ ደረቷን መታች። በዚያ በተሰነጠቀ ድምጿም፣ ከሌሎቹ ለቀስተኞች ጋር እኩል፣ «ወይ እናቴ» ብላ ተቀበለች።